ሳትጠይቅ የማትነካው ወጌሻ

የአዴ ጫልቱን ማረፍ የሰማሁት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ የነበረችው የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን እየነካካች ዘወር አለችና፣ «እማማ በላይነሽ፣ የላፍቶዋን ወጌሻ ያውቋቸው የለ? አረፉ አሉ» አለችኝ። ነገ ውኃ ይጠፋል ተብሎ እንደሚነገረው፣ እንዲያው በዋዛ። «የትኛዋ ወጌሻ?» አልኳት፤ ላፍቶ ውስጥ ሌላ ወጌሻ እንደማላውቅ እያወቅሁ። «እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አሙቀው የሚያሹት» አለች። ታክሲው መጣ፣ ሰዉ ገባ፣ ረዳቱ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ወዴት ልሄድ እንደነበር ጠፍቶኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ወጌሻ ሲባል ሰው የሚያስበው ወለምታና ውልቃት ነው። እሷም በአደባባይ የምትታወቀው በዚያው ነበር። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ጎረምሳ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ትከሻው የተናደ የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም በሯ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሴቶቹ ግን፣ ሁላችንም ባንሆን ብዙዎቻችን፣ ለሌላ ነገር ነበር የምንሄደው። ስሙን ለማንጠራው ነገር። ባሏ ሲጠጋት ገላዋ እንደ እንጨት የሚደርቅባት አለች። በልጅነቷ የተገረዘችበት ስለት ጠባሳ ጥሎባት፣ ትዳር ማለት ሕመም ብቻ የመሰላት አለች። ያለ ፈቃዷ ተነክታ፣ ከዚያ ወዲህ የገዛ ሆዷን መዳሰስ የሚቀፋት አለች። ይህን በር ላይ ቆሞ ማን ይናገረዋል? «ወገቤን አሞኝ ነው» እንላለን። እሷም ዓይን ዓይናችንን ታይና፣ «ወገብሽን ነው? በይ ግቢ፣ ወገብ ብዙ ነገር ይሸከማል» ትላለች። ሌላ አትጠይቅም።

እኔ ላፍቶ ተድሬ ስመጣ አሁን ፎቅ የቆመበት ሁሉ የአዴ ባል አባቶች ማሳ ነበር። ገብስ ነበር፣ ጤፍ ነበር፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይውጣል። ማሳው ሄደ፣ ባሏም ሄደ። ልጆቿ በቀረችው ቦታ ላይ ፎቅ ሠርተው አከራዩ። እሷ ግን ከፎቁ ጀርባ ካለችው ጭቃ ቤቷና ከጎመኗ መደብ አልነቃነቅም አለች። «እዚያ ላይ ስወጣ እግሬ መሬት ይፈልጋል» ትል ነበር። ቤቷ ውስጥ አንድ መደብ፣ አንድ በርጩማ፣ የሰሊጥ ዘይት የያዘች ጠርሙስ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰውነቷ ቀጭን፣ እጇ ግን የወንድ እጅ ያህላል፤ አንዱ አውራ ጣቷ በማለብ ብዛት ጎብጧል። አማርኛዋን በኦሮምኛ እያዋዛች ነው የምታወራው፤ እኛም «አዴ» የምንላት በዚያው ነው፣ እትዬ እንደማለት። «ሱታ፣ ሱታ» ትላለች፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቷ ነው።

የእሷ ነገሯ መጠየቋ ነበር። ሳትጠይቅ ሰው አትነካም። እጇን ብብቷ ውስጥ ታሞቅና፣ ታወጣና፣ አየር ላይ አቁማ፣ «ልንካ?» ትላለች። ለሕፃን ጣትም ቢሆን። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ እግሩን ዘርግቶ፣

«እማማ፣ ልታሽ አይደል የመጣሁት? ምን ይጠየቃል?» አላት።

«የመጣኸው አንተ ነህ። እግርህ ግን ገና በር ላይ ነው፤ ሲንቀጠቀጥ አታየውም?» አለችው።

በር ላይ የተቀመጥነው ሳቅን። ልጁም ሳቀ፤ ሲስቅ እግሩ ላላ፤ ያኔ ነካችው።

ሌላው አነጋገሯ «ትንፋሽሽ የት ደረሰ?» የምትለው ነው። ጋደም ታደርግሽና፣ ሳትነካሽ አጠገብሽ ቁጭ ብላ፣ ትንፋሽሽን ታያለች። «እዚህ ደረትሽ ላይ ቀርቷል። ይቅር፣ አንገፋውም፤ እንጠብቀዋለን።» ትጠብቃለች እሺ! ዝም ብላ። አንዳንዷ ሴት እዚያ መደብ ላይ ተኝታ ትንፋሿ እምብርቷ እስኪደርስ ድረስ ቀኑ ይመሻል፤ በዚያን ቀን የሚሠራው ሥራ እሱ ብቻ ነው። ያበጠ፣ የሚደማ፣ የሚያመረቅዝ ነገር ካየች ግን እጇን ትሰበስባለች። «ይሄ የሐኪም ነው። እሱ ይየውና ከዚያ ነይ» ትላለች። ከሐኪም ጋር ፉክክር የላትም፤ የእሱን ለእሱ፣ የእሷን ለእሷ።

ከየት እንዳመጣችው አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ ጎመን እየቀነጠስን ነበር። ቀና ሳትል፣ «ሲድሩኝ ማንም አልጠየቀኝም፣ በላይነሽ። አባቴም አልጠየቀኝ፣ ሰውየውም አልጠየቀኝ። ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ እሞትለት ነበር በኋላ። ግን ያኔ አንድ ቃል ብሎኝ ቢሆን፣ አንድ ቃል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከገላዬ ውጪ አላድርም ነበር» አለችኝ። ከዚያ ጎመኑን አራገፈችና፣ «በይ ይሄኛው ትል በልቶታል» አለች። ዳግመኛ አላነሣችውም።

ልጄ ሰናይት ወደ እሷ የሄደችበትን ልንገራችሁ። የማልረሳት በዚያ ነውና።

ሰናይት የበኩር ልጇን የወለደችው በብዙ ጭንቅ ነው። ምጡ ረዘመ፣ ደም ፈሰሳት፣ ተሰፋች። ሕፃኗ ደህና ወጣች፣ እግዜር ይመስገን፤ እናቲቱ ግን ከዚያ ምጥ የወጣች አልመስል አለችኝ። ባሏ ደረጄ ከላፍቶ ሜክሲኮ ታክሲ የሚነዳ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ሲጠጋት ትደነግጣለች፣ ይተዋታል፤ ደግሞ ይጠጋል፣ ደግሞ ትደነግጣለች። እንዲህ እያሉ ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ ሕፃኗ ዳዴ ማለት ጀመረች።

የደረጄ እናት እትዬ አስካለ ነገሩን ሰማች። እኔ በዚያ ሰሞን የታመመ ወንድሜን ልጠይቅ አገር ቤት ወርጄ ነበር። አስካለ በቅንነት ነው ያደረገችው፤ ለሙሽራ የሚደረገውን ሁሉ አደረገችላት። ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍራ የወይባ እንጨት አስጨሰች፤ ሰናይትን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጢሱ ላይ አስቀመጠቻት። ወይባ ገላ ያለሰልሳል፣ ባል ያስወድዳል ይባላል አይደል? ፀጉሯን ቅቤ ቀባቻት፣ እጇን ሂና አስሞቀቻት፣ አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት። ከዚያ ሕፃኗን አዝላ ወጣችና በሩን በባልና ሚስቱ ላይ ዘጋችው። ለሙሽራ የሚበጀው ለቆሰለች ሴት እንደማይሆን ማን ይንገራት?

እኔ በዚያው ዕለት ከአገር ቤት ገብቼ ዕቃዬን ሳላወርድ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሰናይት በባዶ እግሯ በሬ ላይ ቆመች። ወይባ ወይባ ትሸታለች፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«መታሽ?» አልኳት።

«ኧረ እማ! ምንም አላደረገኝም። እጁን ትከሻዬ ላይ ነው ያደረገው። እጁን ብቻ። ግን ትከሻው የእኔ አልመስል አለኝ።»

በማግሥቱ አስካለ መጣች። «ይሄ ዓይነ ጥላ ነው» አለች፤ ጠበል ተሄደ። ከጠበልም መልስ ያው ነው። በመጨረሻ አስካለ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «በላይነሽ፣ እኔ ሰው አልጠላም። ልጄ ግን የቆመ ግንድ አቅፎ አያረጅም። ፋሲካ እንዲህ ሆነው ከዋሉ ሌላ ነገር አስብለታለሁ» አለችኝ። ሑዳዴ ገና መግባቱ ነበር። እኔም የልጄን ትዳር በሁለት እጄ እንደ ውኃ ይዤ፣ ሲንጠባጠብ እያየሁ፣ ሰናይትን አስከትዬ አዴ ጫልቱ ጋ ሄድኩ።

«ወገቧን ነው» አልኳት።

አዴ ሰናይትን አየቻት። ትተኛለች ብዬ መደቡን ላነጥፍ ስል፣ «ተዪው» አለችኝ። ሰናይትን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና የራሷን እጅ ዘረጋችላት።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አውራ ጣቴን ሲያመኝ ነው የሰነበተው። እስቲ ጫን ጫን አድርጊልኝ።»

ሰናይት እኔን አየችኝ። «እኔ? እኔ ማሸት አልችልም።»

«የሚያመኝን እኔ እነግርሻለሁ። ጥንካሬውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ደስ ካላለሽ ልቀቂው።»

ሰናይት ያንን ጎባጣ ጣት ያዘችና ማሸት ጀመረች። እኔ አላስችል አለኝ፤ «ልትታሽ መጥታ ወጌሻዋን ታሻለች እንዴ! የት አገር ነው ይሄ የታየው?» አልኩ።

«በላይነሽ፣ አንቺ ውጪ ጎመኑን ቀንጥሺ» አለችኝ አዴ። ተባረርኩ!

ያን ሰሞን ሁሉ እንዲህ ሆነ። ሰናይት ትመጣለች፣ የአዴን እጅ ታሻለች፣ ትሄዳለች። ከእጅ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ትከሻ። እኔ በልቤ ሑዳዴው አለቀ እያልኩ እንጨረጨራለሁ። በኋላ ሲገባኝ ነገሩ ይህ ነበር፤ ልጄ የሰው እጅ የሚመጣባት ነገር ብቻ ሆኖባት ነበር። አዴ መጀመሪያ እጅ የራሷ እንደሆነ አሳየቻት፤ ስትፈልግ የሚዘረጋ፣ ስትፈልግ የሚሰበሰብ።

ከዚያ አንድ ቀን እጇን ብብቷ ውስጥ አሙቃ፣ «ዛሬ እኔ እግርሽን ልንካ?» አለቻት።

ሰናይት እግሯን ሰበሰበችና፣ «አይ» አለች፤ ቶሎ ብላም፣ «ይቅርታ» አለች።

አዴ እጇን መለሰች። ፊቷ በራ! «ሰማሽው ድምፅሽን? ቆንጆ ድምፅ ነው ያለሽ። ይቅርታ የለውም፤ ደግሞ በዪው እስቲ።»

«አይ።»

«ጎሽ! በሉ ዛሬ ሥራችንን ጨርሰናል፤ ሂዱ።»

በሚቀጥለው ጊዜ እሺ አለቻት። ውስጥ እግሯን በሰሊጥ ዘይት፣ ከዚያ ባቷን፣ ከዚያ ወገቧን። ሆዷ ጋ ስትደርስ ሰናይት ታች ስፌቱ ገና እንደሚያማት ነገረቻት፤ አዴም ሐኪም ዘንድ ሰደደቻት። ዶክተሯ ጠባሳው በደንብ እንዳልሻረ አየች፤ መድኃኒት ሰጠቻት፣ ታችኛውን ጡንቻ ማላላት የሚያስለምድ እንቅስቃሴም አስተማረቻት። አዴ ይህን ስትሰማ፣ «እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች፤ እናገኘዋለን» አለች።

ደረጄንም አስጠራችው። ቆቡን በእጁ እያሻሸ ገባና፣ «አዴ፣ እኔ እኮ ወለምታ የለኝም» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

«አውቃለሁ። ሚስትህን ትወዳታለህ?»

«ይሄማ ምን ይጠየቃል?»

«እንግዲያው ማታ ማታ ስትገባ እግሯን እጠባት። ለብ ባለ ውኃ። ከእግሯ በላይ ግን አትሂድ። እሷ ራሷ እጅህን እስክትይዝ ድረስ ከዚያ አታልፍም።»

ደረጄ ወደ መሬት አየ። «እሺ» አለ።

አደረገውም፤ እውነቱ ይነገር። ሰናይት ስትነግረኝ ዓይኗ ይስቃል፤ «እማ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የሚያጥባቸው፣ እንደ ሕፃን» ትለኛለች። እኔም ለማርያም ስለት ገባሁ። ግን ደረጄ ለአንዱ ጓደኛው አጫወተው መሰል፣ ወሬው ታክሲ ተራ ደረሰ። ታክሲ ነጂ ደግሞ ታውቁታላችሁ። «ዛሬስ ትጭናለህ ወይስ ታጥባለህ?» ይሉታል። ረዳቱ ሳይቀር መኪናውን ሲያጥብ፣ «ጌታዬ፣ ጎማውን ለአንተ ልተውልህ?» ይለዋል። መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ እያመሸ መግባት ጀመረ። ከዚያ ማጠቡን ተወው። ፋሲካም አለፈ። አስካለ ያለችውን አልረሳችም።

ሰናይት ግን መሄዷን አላቆመችም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ፣ ከውስጥ ሳቋን ሰማሁ። ከመውለዷ በፊት የነበረው ሳቅ ነው፤ ከሆድ የሚወጣው። «አዴ፣ ሞቀኝ! ሆዴ ሞቀኝ። እግሬ ጥፍር ድረስ ይሰማኛል» ትላለች። አዴም፣ «ተመለስሽ? እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት፤ ከመንገድ እንደገባ ሰው። ሰናይት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ «እማ፣ ዛሬ እጁን እይዛለሁ» ብላኝ ወደ ቤቷ እየፈጠነች ሄደች።

እሷ ሳትናገር እሱ ቀደማት። ጀሞ እናቱ ያሰበችለት ሌላ ሴት አለች፤ አርግዛለች አላት።

በማግሥቱ ሰናይት እኔ ዘንድ አልመጣችም፤ ቀጥታ አዴ ዘንድ ነው የሄደችው። እኔ ተከትዬ ደረስኩ። ጭቃ ቤቱ መሀል ቆማለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለበትም።

«አዴ፣ ለምን አዳኑኝ?» አለች። «ድሮ ቢሆን አይሰማኝም ነበር። ግንድ ነበርኩ፤ ግንድ ምን ይሰማዋል? አሁን ሁሉ ነገሬ ነቅቶ፣ እያንዳንዱ ቦታዬ ያመኛል። ለማን ብለው ነው ያነቁኝ?»

አዴ ጫልቱ ያን ያህል ዘመን ሳውቃት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ በዚያን ቀን አየሁ። «ለእሱ ብዬ አልነበረም፣ ልጄ» አለች። «ለእሱ ብዬ ሰው አላሽም።»

እጇን አላሞቀችም፣ አልዘረጋችም፣ አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቃት? ሰናይት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያንን ግቢ አልረገጠችም።

ደረጄ ጓዙን ይዞ ሄደ። ሰናይት ልጇን ይዛ እኔ ጎን አንድ ክፍል ተከራየች፣ ልብስ ስፌት ጀመረች፣ ኑሮዋን ያዘች። የአዴን ስም ስጠራ ግን ፊቷን ታዞራለች። አዴም እርጅናው ጠናባት። ልጆቿ በግድ ወደ ፎቁ አወጧት፤ ጭቃ ቤቷን አፍርሰው መኪና ማቆሚያ አደረጉት። ልጠይቃት ስሄድ በመስኮቱ ወደ ታች እያየች አገኛታለሁ። እንደ ተቀመጥኩ ጥያቄዋ ያው ነው፤ «ሰናይት ትንፋሿ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላለሁ። «ትመጣ ይሆን?» ብላ እንኳ አትጠይቅም። ለሰናይት እነግራታለሁ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ፣ እማ» ትለኛለች። ሳምንቱ ሳምንት እየወለደ፣ እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያን ወሬ ሰማሁ።

ለሰናይት ስነግራት የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እግሯ ቆመ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና አብረን ወጣን። መንገድ ላይ፣

«እማ፣ የምነግራት ነገር ነበረኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«አሁን አልጋው መሀል ላይ ነው የምተኛው። እጄንም እግሬንም ዘርግቼ። ድሮ በደረጄ ጊዜ ጠርዝ ላይ ነበር የምተኛው፤ አሁን ሳላውቀው መሀል ላይ ሆኜ እነቃለሁ። የራሴ ሰውነት ደስ ይለኛል፣ እማ። ይሄንን ለማን ነው የምነግረው አሁን?»

ክንዴን ዘረጋሁላት፤ ያዘችው።

ድንኳኑ ሰው በሰው ሆኗል። አንድ የዕድሩ ሽማግሌ ተነሥተው የሟችን ነገር ተናገሩ፤ ስንት ስብራት እንደጠገነች፣ ስንት ውልቃት እንደመለሰች፣ ለጎረቤት ደግ እንደነበረች። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሴቶቹ በኩል ግን የማውቃቸውም የማላውቃቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይንሰቀሰቃሉ፤ የእኔን ዕድሜ የሚያህሉ አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ የሚመስሉ ልጆች አሉ። ማንም አፉን ከፍቶ ምን እንዳደረገችለት አልተናገረም። እንዴት ይነገራል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በወንድሞችና በአማቾች መሀል? ወለምታው ሁሉ ተነገረ፤ እኛ ቀረን።

ሰናይት ወደ ድንኳኑ እንደገባች ቆመች። ከዚያ አለቀሰች። ደረጄ ሲሄድ ያላለቀሰችው ልጅ፣ ከሆዷ፣ ከእግሯ ጥፍር የሚነሣ የሚመስል ለቅሶ ወጣት፤ ትከሻዋ ይርዳል፣ ወገቧ ይታጠፋል። የአዴ የበኩር ልጅ ገመቹ ከወንዶቹ መሀል ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። የእናቱን ዘመድ በሙሉ የሚያውቅ ሰው ነው።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይቺ ልጅ ለእናቴ ምኗ ናት?» አለኝ ዝግ ብሎ።

ምን ልበለው? እውነቱ በድንኳን ውስጥ የሚባል አልነበረም።

«ልጇ ናት» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሄደና፣ እህቶቹ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጠጋ ጠጋ እንዲሉ በእጁ ነገራቸው፤ ሰናይትንም መሀላቸው አስቀመጧት።